እሳት ዳር ያሉት ሴቶች፦ ስለ ኤድጋር ዴጋ ጥቁር ሕትመቶች እንወያይ

ጥላ ወዳድ

ሰላም ለሁላችሁ። እንዴት ከረማችሁ?

ፈረንሳዊውን ሠዓሊ ዴጋን አብዛኞቻችን የምናውቀው በባሌት ዳንሰኞቹ ነው። ፖስተር ላይ፣ ካላንደር ላይ፣ የሆቴል ግድግዳ ላይ ሳይቀር እናያቸዋለን። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ግን ስለ ሌላው ዴጋ ነው። ሮዙንና ሰማያዊውን ትቶ ጥቁር የማተሚያ ቀለም ይዞ ስለተቀመጠው።

ሥራው «እሳት ዳር» ይባላል። ከ1880 እስከ 1885 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አሁን ያለው ኒውዮርክ፣ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ነው። 42 በ59 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ሕትመት ትልቅ የሚባል ነው።

ጨለማ ክፍል ነው። እሳት ይነዳል። ሁለት ሴቶች አሉ፤ ሁለቱም ራቁታቸውን ናቸው። አንዷ ተቀምጣ እግሯን ወደ እሳቱ ሰደድ አድርጋለች። ክፍሉ ውስጥ ከእሳቱ ሌላ የሚያበራ ነገር የለም። ብርሃኑ ገላቸውን እዚህም እዚያም ይነካዋል፤ የቀረውን ጨለማው ውጦታል። ፊታቸው አይለይም። ዓይን የለ፣ አፍ የለ። የተድበሰበሰ ጥቁር ብቻ።

ሞኖታይፕ የሚባለው የሕትመት ዓይነት ነው። ሙያው ያላችሁ ብትጨምሩበት ደስ ይለኛል። በአጭሩ ግን ዴጋ መጀመሪያ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ቀባው። ከዚያ ሴቶቹን ቀለሙን እየጠረገ አወጣቸው። ገላቸው ቀለም የተነሣበት ቦታ ነው ማለት ነው።

በዚያ ዘመን ፓሪስ ውስጥ እርቃን ሴት መሣል ብርቅ አልነበረም። ሳሎን በሚባለው ትልቁ ኤግዚቢሽን ግድግዳው በእርቃን ሴቶች ይሞላ ነበር። ስማቸው ግን ቬነስ ነው፤ ወይም ሌላ የተረት ስም። በ1863 አሌክሳንደር ካባኔል ያቀረበውን «የቬነስ ልደት» ውሰዱ። ሴትዮዋ ማዕበል ላይ ተንጋላለች። ቆዳዋ ላይ አንድ እንከን የለም። መላ ሰውነቷ ወደ ተመልካቹ ዞሯል። ናፖሊዮን ሦስተኛ ሥዕሉን ገዛው።

የዴጋ ሴቶች ለማንም ብለው አልተጋደሙም። ደክሟቸዋል። በርዷቸዋል፤ እሳት ይሞቃሉ። እኛ መኖራችንን አያውቁም፤ ቢያውቁም ግድ የሚሰጣቸው አይመስለኝም። እኔ እዚህ ላይ ክብር ነው የሚታየኝ። ጨለማው ራሱ ይሸፍናቸዋል። እናንተስ ምን ይታያችኋል?

ሮለር

ጥላ ወዳድ፣ ጥሩ ርዕስ አነሣህ። ግራፊክስ ስለተማርኩ ስለ አሠራሩ ልጨምር። አሠራሩ ሳይገባን ሥዕሉ አይገባንም ብዬ ስለማምን ትንሽ እዘረዝራለሁ።

ኤችንግ በሚባለው በተለመደው የሕትመት ዓይነት የብረት ሰሌዳው በአሲድ ይበላል። መስመሩ ብረቱ ውስጥ ጠልቆ ይቀራል። ስለዚህ ከአንድ ሰሌዳ ብዙ ቅጂ ማውጣት ይቻላል። ሞኖታይፕ ላይ ግን ብረቱ ልሙጥ ነው። የሚፋቅ የለ፣ የሚበላ የለ። ሥዕሉ ያለው ላዩ ላይ ባለው እርጥብ ቀለም ብቻ ነው። አንዴ ካተምክ ቀለሙ ወደ ወረቀቱ ይሄዳል፤ ሰሌዳው ላይ ጭላንጭል ብቻ ይቀራል።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ንጹሕ ሰሌዳ ላይ በብሩሽ መሣል ነው። ሁለተኛው «እሳት ዳር» የተሠራበት ነው። ሰሌዳውን በሙሉ ታጠቁረዋለህ፤ ከዚያ ብርሃኑን ታወጣለህ። የፋኖስ ብርጭቆ ጥላሸት ሲይዝ በጣትህ ጠረግ ስታደርገው ብርሃኑ ብቅ እንደሚለው ማለት ነው። ጨርቅ ሰፊ ብርሃን ይሰጥሃል። የብሩሽ እጀታ ቀጭን ነጭ መስመር ይጭራል። ጣት ደግሞ ለስላሳ ሽግግር ያመጣል። የዴጋን ሞኖታይፖች አተኩራችሁ ብታዩ የጣቱ አሻራ ራሱ የቀረባቸው አሉ። ሴትዮዋ ትከሻ ላይ ያለው ግራጫ ቀለም የሰውዬው አውራ ጣት ነው።

ቀለሙ በዘይት የተበጠበጠ ስለሆነ ቶሎ አይደርቅም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ክንዷን ካልወደድከው ደግመህ ታጠቁረውና እንደገና ታወጣዋለህ። ሰሌዳው ላይ ሐሳብህን ደጋግመህ መለወጥ ትችላለህ። ከዚያ እርጥብ ወረቀት ታለብሰዋለህ፤ በላዩ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ፤ ከዚያ በማተሚያው ሁለት ሲሊንደሮች መሃል ታሳልፈዋለህ። ወረቀቱን ስታነሣ ግራው ቀኝ ሆኗል። ምን እንደሠራህ በትክክል የምታየው ያን ጊዜ ነው።

ዴጋ አንዳንዴ ያንኑ ሰሌዳ ሁለተኛ ጊዜ ያትመዋል። ሁለተኛው ሐመር ያለ ነው የሚወጣው። እሱ ላይ ፓስቴል (ጠመኔ መሰል ደረቅ ቀለም) ይደርብበታል። ከምናውቃቸው ባለቀለም ዳንሰኞችና ታጣቢዎች ብዙዎቹ ከሥራቸው ያለው ጥቁር ሞኖታይፕ ነው። ለገበያም ይመቹት ነበር። አባቱ በ1874 ከሞቱ በኋላ የቤተሰቡ ባንክ ዕዳ ውስጥ ገብቶ ስለነበር ገንዘብ ያስፈልገው ነበር።

ዘዴውን እሱ አልፈጠረውም። ጣሊያናዊው ካስቲሊዮኔ በ1640ዎቹ ሠርቶበታል። ዴጋን ያስጀመረው ወዳጁ ቪስካውንት ሌፒክ ነው። ሌፒክ አንድን ሰሌዳ በተለያየ መንገድ ቀለም እየቀባ 85 የተለያዩ ሕትመቶች ያወጣ ሰው ነው። የዴጋ የመጀመሪያው የሚባለው ሞኖታይፕ ላይ የሁለቱም ፊርማ አለበት። ከዚያ ወዲያ ዴጋ ነገሩ ያዘው። በ1876 ዴቡታን የተባለ ሠዓሊ ለወዳጁ ሲጽፍ፣ ዴጋ አሁን ሰውም ወዳጅም መሆኑ ቀርቶ በማተሚያ ቀለም የጠቆረ የዚንክ ወይም የመዳብ ሰሌዳ ሆኗል ብሎ ነበር። በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ከ300 በላይ ሠርቷል።

የአራት ኪሎዋ

ሮለር እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ተማርኩ።

ጥላ ወዳድ ግን «ክብር» ያልከው ላይ አልስማማም። ረጋ ብለን እንየው።

ፊታቸው አይታይም አልክ። አንተ መሸፈኛ ነው አልከው። እኔ ሴት ሆኜ ሳየው የሚሰማኝ ሌላ ነው። ሰውነቷን ወስዶ ማንነቷን የተወ ሥዕል ነው። ጭኗን ለመለየት ጊዜ ወስዷል፤ ጨርቅ ቀይሯል፣ ጣቱን ተጠቅሟል። ዓይኗን ለማውጣት ግን አንድ ጭረት ይበቃው ነበር። አላደረገውም። ይህ ምርጫ ነው። ለዳንሰኞቹ ፊት መሥራት ያውቅበታል። የገዛ ዘመዶቹን ሲሥል ፊታቸው ላይ ያለውን ሐዘን ሁሉ ያወጣዋል። የቤሌሊ ቤተሰብን ሥዕል ያየ ያውቀዋል።

ሌላው መረሳት የሌለበት፣ በዚያው ዘመን ዴጋ የሴተኛ አዳሪ ቤቶችን ሞኖታይፕ ሠርቷል። ከ50 ያላነሱ ዛሬም አሉ። እነሱ ትንንሽ ናቸው፤ አብዛኞቹ ከመዳፍ ብዙም አይበልጡም። ሴቶቹ ሶፋ ላይ ተዘርግተው ደንበኛ ይጠብቃሉ። ከስቶኪንግና ከአንገት ጌጥ በቀር የለበሱት የለም። ጥቁር ሱፍ የለበሰ፣ ባርኔጣ ያደረገ ወንድ በጠርዙ በኩል ብቅ ይላል። ግማሽ ሰውነቱ ብቻ ነው የሚታየው።

እነዚህ ቤቶች ያኔ ፓሪስ ውስጥ በፖሊስ ፈቃድ የሚሠሩ ነበሩ። ሴቶቹ ይመዘገባሉ። በየጊዜው የሐኪም ምርመራ ግዴታቸው ነው። ወንዱን ግን ማንም አይመረምረውም። ቤቶቹ በሕግ የተዘጉት በ1946 ነው። ስለዚህ «እኛ መኖራችንን አያውቁም» ስትል ቆም ብለህ አስብ። መታየት ሥራቸው የሆነ ሴቶች ናቸው። ሲያርፉም የሚያያቸው አልጠፋም።

ጥላ ወዳድ

እህቴ፣ ያልሽው ከባድ ነው፤ በቁም ነገር ነው የምወስደው።

አንድ ነገር ግን እንለይ። የሴተኛ አዳሪ ቤቶቹ አብዛኞቹ በመጀመሪያው መንገድ ነው የተሠሩት፤ ንጹሕ ሰሌዳ ላይ በብሩሽ። ፈጠን ያሉ ናቸው። ሰዎቹን ለይተሽ ታያቸዋለሽ። እንዲያውም ፊት አላቸው። «የእመቤቲቱ በዓል» የሚባለውን ተመልከቺ። ጥቁር የለበሰች ወፈር ያለች የቤቱ ባለቤት መሃል ተቀምጣለች። ራቁታቸውን ያሉት ሴቶች አበባ ይሰጧታል፤ አንዷ ትስማታለች። የቤተሰብ ድግስ ነው የሚመስለው። እዚያ ውስጥ መተሳሰብ አለ።

ጥቁሮቹ ግን ሌላ ናቸው። እነ «እሳት ዳር» ላይ ደንበኛ የለም። ባርኔጣ የለም። ሴቶቹ ሴተኛ አዳሪዎች ይሁኑ፣ ሠራተኞች ይሁኑ፣ የቤት እመቤቶች ይሁኑ የሚነግረን ምልክት አልተወም። ፊታቸውን ያጠፋው ምናልባት ለዚህ ይሆናል። ፊት ከሰጣት ታሪክ ትጠይቃለሽ፦ ይህቺ ማን ናት? ዕድሜዋ ስንት ነው? ቆንጆ ናት? ፊት ሲጠፋ የሚቀረው ድካሙና ሙቀቱ ነው።

እነዚህን ሥራዎች አብዛኛውን ጊዜ ለሕዝብ አላሳየም። ለወዳጅ የሰጣቸው አሉ። ብዙዎቹ ግን በ1917 ሲሞት ስቱዲዮው ውስጥ ነው የተገኙት። ለገበያ ብሎ፣ ለማማለል ብሎ ቢሆን ኖሮ ይሸጣቸው ነበር።

እናት ነኝ

ልጆቼ፣ እኔ ሥዕል አልተማርኩም። ውይይታችሁ ግን ደስ ስላለኝ ገባሁ።

ሴት ልጅ ገላዋን ስትታጠብ፣ እሳት ስትሞቅ፣ ያ የራሷ ጊዜ ነው። እኛ ስናድግ ወንድም እንኳ ቢሆን እህቱ የምትታጠብበት አያልፍም። ሠዓሊው ምን አገባው ብዬ ነው የምጠይቀው። ጨለማ አድርጎ ሣለው፣ ብርሃን አድርጎ ሣለው፣ መጀመሪያውኑ እዚያ ክፍል ምን ሊሠራ ገባ? አትቆጡኝ፤ ከልቤ ነው።

ሮለር

እናቴ፣ ምን ሊያስቆጣን። ይህ ጥያቄ ዴጋንም በሕይወት እያለ ያልተለየው ጥያቄ ነው። ራሱም ሴቶቹን የሚያሳየው በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚታዩ አድርጎ እንደሆነ ለአየርላንዳዊው ጸሐፊ ለጆርጅ ሙር ነግሮታል። በ1886 ኢምፕሬሽኒስቶች የሚባሉት ሠዓሊዎች ባዘጋጁት የመጨረሻ ኤግዚቢሽን ላይ የሚታጠቡ፣ ገላቸውን የሚያደርቁ፣ ፀጉራቸውን የሚያበጥሩ ሴቶችን በፓስቴል ሠርቶ ሲያቀርብ ሰው ለሁለት ተከፈለ። ጸሐፊው ሁይስማንስ ለምሳሌ ሥዕሎቹ ውስጥ ለሴት ያለውን ንቀት ነው ያየሁት ብሏል። ሌሎች ደግሞ በመጨረሻ እውነተኛ የሴት አካል አየን አሉ።

አንድ ነገር ልንገርዎት። ሰውዬው የሰው ቤት ገብቶ አልሣለም። ስቱዲዮው ውስጥ የመታጠቢያ ገንዳ አስገብቶ ነበር። ሞዴሎቹ ተከፍሏቸው የመጡ ሴቶች ናቸው። ጥቁሮቹን ሞኖታይፖች ደግሞ ሞዴል ፊቱ ተቀምጣ ሳይሆን ካየውና ከሚያስታውሰው እየተነሣ የሠራቸው ይመስለኛል። ቀለሙ እጅን ያጨማልቃል፤ አሠራሩ ጨርቅ በያዘ እጅ ወዲያ ወዲህ ማለት ነው። ዓይን ከሰሌዳው አይነሣም።

ይህ የእርስዎን ጥያቄ አይመልስም፤ አውቃለሁ። ለጥያቄው ክብር ስላለኝ ነው የምጽፈው።

እናት ነኝ

ተባረክ ልጄ። ተከፍሏት ከሆነ ሥራዋ ነው፤ ያም ሆኖ ክፍያው በቂ ይሁን አይሁን ነው ቀጣዩ ነገር።

የጎንደር ልጅ

እኔን ያሳሰበኝ የፊቱ ጉዳይ ነው።

እኛ ያደግነው ዓይን ባለው ሥዕል ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች አይረሳቸውም። ሁሉም ያዩሃል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ባህላችን ጻድቁ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ነው የሚሣለው። ክፉው በጎን ነው፤ አንድ ዓይን ብቻ። ሰይጣንን፣ የጌታን አሳሪዎች፣ አረመኔውን ንጉሥ እዩ። ዓይን ለዓይን ላለመጋጠም ነው ይላሉ አዋቂዎች።

እንዲህ ባለ ሥዕል ያደገ ሰው የዴጋን ሴቶች ሲያይ ይጨንቀዋል። ጻድቅ ናቸው ወይስ ኃጥእ? ሥዕሉ አይነግረኝም። ከሁለቱም ወገን አላስቀመጣቸውም። መጀመሪያ ተናደድኩበት። ቆይቶ ግን ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም ሰውዬው አልፈረደባቸውም። በዚያ ዘመን በእነዚህ ሴቶች ላይ የማይፈርድ ሰው ፈልጎ ማግኘት ከባድ ይመስለኛል። ፖሊሱ ይፈርዳል፣ ሐኪሙ ይፈርዳል፣ ካህኑ ይፈርዳል።

የአራት ኪሎዋ ያለችው ግን እውነት አለው። አለመፍረድና ማክበር አንድ አይደሉም።

ዲሲ ነኝ

እንደምን ዋላችሁ። እዚህ ዋሽንግተንና አካባቢው ለምንኖር ሰዎች አንድ ጠቃሚ ነገር ልንገራችሁ። ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት ውስጥ የዴጋ ሞኖታይፖች አሉ። መግቢያው ነፃ ነው። ሮለር የጠቀሰው የዴጋና የሌፒክ ፊርማ ያለበት «የባሌት አስተማሪው» እዚያ ነው ያለው። ከጥቁሮቹም «የምታነብ ሴት» የሚባለው አለ፤ የዚያው የ1880 እስከ 1885 ዘመን ነው።

ዝም ብላችሁ ሄዳችሁ ግድግዳ ላይ ላታገኙት ትችላላችሁ። ወረቀት ላይ ያለ ሥራ ብርሃን ይጎዳዋል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ በሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ነገር ግን አስቀድማችሁ ቀጠሮ ከያዛችሁ የወረቀት ሥራዎችን በሚያሳዩበት ክፍል አውጥተው ያሳዩአችኋል። ምሁር መሆን አይጠበቅባችሁም። እጃችሁን ታጥባችሁ ትገባላችሁ፤ የምትጽፉት በእርሳስ ብቻ ነው።

እኔ «የምታነብ ሴት»ን አይቻታለሁ። ስልክ ላይ ከምታዩት ጋር አይገናኝም። ስልክ ላይ ጥቁሩ አንድ ዓይነት ጥቁር ነው። ወረቀቱ ላይ ግን ጥቁሩ ብዙ ነው። ወፈር ብሎ የተቀመጠ አለ፤ ጨርቅ አንዴ ብቻ ያለፈበት አለ፤ የጨርቁ ክር ራሱ ያተመበት ቦታ አለ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የሰውነቷን ጠርዝ የሚያሳይ መስመር አጣሁ። መስመር የለም። ከጨለማው ወደ ገላዋ የምትሻገሩበት ቦታ የት እንደሆነ አይታወቅም። ፈቀቅ ስትሉ ደግሞ ሙሉ ሴት ናት።

ስለ ክብሩ የተነሣው ክርክር ላይ እኔን የያዘኝ ማንበቧ ነው። ራቁቷን ናት፤ ግን እያነበበች ነው። ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነው። እኛ የምታነበውን አናውቅም። ዴጋም አላሳየንም። ሰውነቷን ያየ ሰው ልቧ ውስጥ ያለውን አላገኘም። በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ካሉት እርቃን ሴቶች መካከል የምታነብ አንድ እንኳ ትዝ አይለኝም።

የአራት ኪሎዋ

ዲሲ ነኝ፣ ይህ ንባብ አሸነፈኝ ማለት ይቻላል። እውነትም ማንበብ ትልቅ ነገር ነው።

ግን የምጠይቀው ጥያቄ አለ፦ ሴቶቹ ራሳቸው ምን ይላሉ? ደግነቱ መልስ የሚሆን ነገር አለ።

አንደኛ፣ በ1919፣ ዴጋ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሜርኩር ደ ፍራንስ የተባለው መጽሔት ላይ ስለ አንዲት ሞዴሉ የሚተርክ ጽሑፍ ወጣ። ፖሊን ትባላለች። የምትናገረው ስለ አርጅቶ ስለነበረው ዴጋ ነው። ለረጅም ሰዓት በአስቸጋሪ አቋቋም መቆም። ሲከፋው ይጮህባታል። ሲሻለው ደግሞ ይዘፍናል። ዓይኑ በጣም ደክሟል። እናት ነኝ የጠየቁት የክፍያና የድካም ጉዳይ በእንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ነው የሚገባን። ሥዕሉ ላይ የምናየው ድካም የሞዴሊቱም ድካም ነው።

ሁለተኛ፣ ሱዛን ቫላዶን። ይህቺን ሴት ብታውቋት ብዬ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው። በ1865 የተወለደች፣ የልብስ አጣቢ ልጅ። ለሠዓሊዎቹ ለሬኗርና ለቱሉዝ ሎትሬክ ሞዴል ሆና ሠርታለች። ሬኗር በ1883 በሣለው «ዳንስ በቡዢቫል» ላይ የምትደንሰው እሷ ናት። ራሷ ትሥል ነበር፤ በድብቅ ማለት ይቻላል። ሥራዎቿን ለዴጋ ሲያሳዩት ገዛቸው። ከዚያ ወዲያ ደጋፊዋ ሆነ። የሕትመት ሥራ ያስተማራት እሱ ነው፤ በ1895 ገደማ በራሱ ማተሚያ ላይ ሠርታለች።

እና ምን ሠራች? የሚታጠቡ ሴቶችን። ያንኑ ርዕስ። ያው ገንዳ፣ ያው ፎጣ። የእሷ መስመር ግን ደፋር ነው። የሰውነት ጠርዝ ግልጽ ነው፤ ጨለማ ውስጥ አይጠፋም። ሴቶቿ ሥራ የሚያውቅ እጅ፣ ክብደት የሚሸከም እግር አላቸው። በ1931 ደግሞ፣ ከ60 ዓመት በላይ ሆና፣ ራሷን ጡቷን ሳትሸፍን ሠራች። ፊቷ አለ። ዓይኗ አለ። ዕድሜዋም አለ።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው። «እሳት ዳር» ታላቅ ሥራ ነው፤ ይህን አልክድም። ብቻውን መታየት ግን የለበትም። ከጎኑ የቫላዶን አንድ ሕትመት ይሰቀል። ያኔ ዴጋ ምን እንዳየና ምን እንዳላየ ተመልካቹ በራሱ ይለየዋል።

ጥላ ወዳድ

በዚህ እስማማለሁ። ቫላዶንን የማውቃት በሬኗር ሞዴልነቷ ብቻ ነበር። ዛሬ ማታ ሥራዎቿን ፈልጌ አያለሁ።

አንድ ልጨምር። ፒካሶም የዴጋን የሴተኛ አዳሪ ቤት ሞኖታይፖች ሰብስቦ ነበር። ከ1958 ጀምሮ ነው የገዛቸው። ዛሬ ፓሪስ በሚገኘው የፒካሶ ሙዚየም ናቸው። በ1971፣ ዘጠና ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ዴጋ ራሱ ሴቶቹን ቆሞ ሲያይ የሚያሳዩ ኤችንጎች ሠርቷል። ዴጋ ጥግ ይዞ፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ነው ያለው። ሴቶቹ ደግሞ ሥዕሉን ሞልተውታል። ፒካሶ ያነሣው የእናንተን ጥያቄ ነው፦ የሚያየው ሰው የት ነው የቆመው?

ከሃይፋ

እኔ ዴጋን ለመውደድ ይከብደኛል። ምክንያቱን ልናገር።

የምኖረው እስራኤል ነው። የድሬይፉስን ጉዳይ ትምህርት ቤት ተምረነዋል። በ1894 አይሁዳዊው መኮንን ድሬይፉስ ባልሠራው ክህደት ሲፈረድበት ፈረንሳይ ለሁለት ተከፈለች። ዴጋ የቆመው ከከሳሾቹ ወገን ነው። በአይሁድ ላይ ያለውን ጥላቻ አልደበቀም። ለዓመታት በቤታቸው እንደ ቤተሰብ ሲበላ ሲጠጣ ከኖረው ከሃሌቪዎች ጋር የተቆራረጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ በ1897። ሉዶቪክ ሃሌቪ ለጻፋቸው ታሪኮች ሞኖታይፕ የሠራለት ይኸው ዴጋ ነው።

ሰው ወዳጁን እንዲህ ከጣለ፣ የማያውቃትን ሴት ያከብራል ብዬ ለማመን ይከብደኛል። ሥዕሉን አልቃወምም። ስለ ሠዓሊው ልብ ስናወራ ግን ይህ እንዳይዘለል።

የጎንደር ልጅ

ወንድሜ፣ ማንሣትህ ተገቢ ነው። እኔም ዛሬ «አልፈረደባቸውም» ብዬ የጻፍኩት ስለ ሥዕሉ ነው፤ ስለ ሰውዬው አይደለም። በሕይወቱ ክፉኛ ፈርዷል። እጁ ግን እሳቱ ዳር ያሉትን ሴቶች ሲሠራ ሌላ ነገር ሠርቷል። ሁለቱን ማስታረቅ አልችልም፤ አንዱን ለሌላው ብዬ መተውም አልፈልግም።

ዲሲ ነኝ

ስለ ዓይኑም እናስታውስ። በ1870 ፈረንሳይ ከፕሩሲያ ጋር በተዋጋችበት ጊዜ ብሔራዊ ዘብ ገብቶ ሳለ ነው የማየት ችግር እንዳለበት ያወቀው። ከዚያ በኋላ ደማቅ ብርሃን ያስቸግረው ነበር። እንደ ሠዓሊው ሞኔ ከቤት ውጭ ፀሐይ ላይ አልሠራም። ውስጥ፣ በመብራትና በእሳት ብርሃን የሚሆነውን ነገር ነው የተከታተለው። ያ ሁሉ ጨለማ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። ዓይኑ የሚችለው ክፍልም ያ ነበር።

እናት ነኝ

አሁን ሥዕሉን ልጄ ስልኬ ላይ ከፍታ አሳየችኝ። የጠበቅሁት ነውር ነገር ነበር። እሳቱን ነው ያየሁት መጀመሪያ። ከዚያ ሴትዮዋን። እግሯን ወደ እሳት የምትሰድበትን አውቀዋለሁ፤ ሥራ ውሎ የገባ እግር ነው። ሠዓሊው እዚያ ምን አገባው ያልኩት ጥያቄዬ እንዳለ ነው። ሴትዮዋን ግን አዘንኩላት፤ ወደድኳትም።

ጀማሪ ሠዓሊ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ አነበብኩት። ለሮለር አንድ ጥያቄ አለኝ። ማተሚያ የለኝም። ይህን ከጥቁር ብርሃን የማውጣት ሥራ ቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል?

ሮለር

በደንብ ይቻላል።

የመስኮት መስታወት አትጠቀም፤ ከተሰበረ ይጎዳሃል። ፕሌክሲግላስ (መስታወት የሚመስል ጠንካራ ፕላስቲክ) ይሻላል። የማስታወቂያ ሥራ የሚሠሩ ቤቶች ቁርጥራጭ አያጡም። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፤ አለበለዚያ ወረቀትህን ይቀድደዋል።

ቀለሙ በዘይት የሚሠራ የማተሚያ ቀለም ይሁን። በውኃ የሚሠራው ጥሩ ነው፤ ግን ገና ትከሻዋ ላይ ሳትደርስ ይደርቅብሃል። በጣም ስስ አድርገህ በሮለር አዳርሰው። ከበዛ ሲታተም ተጨፍልቆ ያወጣኸውን ብርሃን ይደፍነዋል። ጀማሪዎች ሁሉ የሚያበላሹት እዚህ ላይ ነው።

ለመጥረግ አሮጌ የጥጥ ካናቴራ ቆርጠህ ያዝ፤ የጆሮ ጥጥም ጥሩ ነው። መጀመሪያ ትልቁን ብርሃን አውጣ፤ ዝርዝሩን በመጨረሻ። ወረቀቱን ቀድመህ በስፖንጅ አርጥበህ በፕላስቲክ ጠቅልለህ አቆየው። ስታትም እርጥብ ይሁን እንጂ ውኃ አይታይበት። ከላይ አልብሰህ በማንኪያ ጀርባ በክብ በክብ እሸው፤ ከመሃል ወደ ዳር። አንዱን ጥግ ገለጥ አድርገህ እያየህ ያልያዘውን ድገመው።

የመጀመሪያው ከወጣልህ ሰሌዳውን ወዲያው አታጥበው። ሁለተኛ ወረቀት ሞክርበት። ሐመር ያለው ላይ በፓስቴል መቀጠል ትችላለህ። የሠራኸውን እዚሁ ለጥፍልን፤ የአራት ኪሎዋ ፊት እንዳለው እንድታይልህ።

የአራት ኪሎዋ

አያለሁ። ፎቶውን በቀን ብርሃን አንሣው፤ በፍላሽ ካነሣኸው ጥቁሩ ያበራል፣ ምንም አይታይም።